የየአገሩን ጠላ አንድ ላይ ለመቅመስ አስበናል፤ ባሕር ዳርና ጣና ዙሪያ ያላችሁ ሐሳብ ስጡን

ሽምብጥ፦
ሰላም ናችሁ ወገን። ባሕር ዳር ያለን ጓደኛሞች ደመወዝ በወጣ ሰሞን ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ዓሳ እናዛለን፣ ድራፍት እንጠጣለን፣ ሲመሽ ወደየቤታችን። በድራፍቱ ቅሬታ የለኝም። ዳሽንም ይምጣ ጊዮርጊስ፣ ከቀዘቀዘ ደስ ብሎኝ ነው የምጠጣው። ግን ባለፈው አንዷ ጓደኛችን እናቷ ከደብረ ታቦር የላኩላትን ጠላ በሃይላንድ ይዛ መጣች። ሁሉም ድራፍቱን ትቶ ወደ እሷ ዞረ። ቀላ ያለ፣ ጥልል ያለ የገብስ ጠላ ነው፤ የወይራው ጢስ ገና ሳትጠጣው አፍንጫህ ላይ ይደርሳል፣ ከዋጥከው በኋላ ደግሞ የጌሾው ምሬት ቀስ ብሎ ይመጣል።

ከዚያ ክርክር ተነሳ። የዳንግላው ጓደኛችን «የዳጉሳ ጠላ ሳትቀምሱ አትፍረዱ» አለ። የደምቢያው ደግሞ ስለ ኮረፌ ማውራት ጀመረና ማን ያስቁመው። መጨረሻ ላይ የሚቀጥለው ቅዳሜ እያንዳንዱ የአገሩን ይዞ ይምጣና ጎን ለጎን እንቅመስ ተባባልን። እኔ እንዲያውም ይሄን ነገር እስካሁን አለማድረጋችን ይቆጨኛል። ሌላው ዓለም ትንንሽ ጠማቂዎች የሚሠሩትን ቢራ ከየከተማው እየሰበሰበ፣ ከጓደኛ ጋር እየተካፈለ፣ ይሄ እንዲህ ነው ያ እንዲያ ነው እያለ ይጠጣል። እኛ ዘንድ እኮ ከወንዝ ማዶና ከወንዝ ወዲህ ጠላው ይለያያል፤ እኛ ግን «ጠላ አለ?» ብለን ጠይቀን የተሰጠንን ጠጥተን እንወጣለን።

አሁን የምጠይቃችሁ ነገር፣ ጠላ ከሩቅ ሲመጣ እንዳይበላሽ ምን ይደረግ? የትኛው ቀድሞ የትኛው ኋላ ይቀመስ? የማይጠጡ ጓደኞችም አሉን፣ ለእነሱስ ምን እናቅርብ?

የሜጫ_ዳጉሳ፦
ያ የዳንግላ ልጅ እውነቱን ነው፣ ስሙት። ከመራዊ እስከ ዳንግላ፣ በአቸፈር በኩልም ብትሄድ፣ ዳጉሳ የኛ እህል ነው። እንጀራውም ጠላውም አረቄውም ከሱ ነው። ዳጉሳ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ጎተራ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ለዚህ ነው ክፉ ቀን ሲመጣም ቤት ውስጥ የማይጠፋው። ጠላው ከገብሱ ይልቅ ጠቆር ይላል፣ አፍ ላይም ወፈር ይላል። ጥሩ ባለሙያ ከሠራችው መጨረሻው ላይ ትንሽ ጣፋጭነት ይተዋል፤ ያ ጣፋጭነት ከስኳር ሳይሆን በደንብ ከበቀለ ብቅል የመጣ ነው።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅህ። ባሕር ዳር ውስጥ «የዳጉሳ ነው» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ የዳጉሳ አይደለም። በቆሎ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ቦታ ይቀላቅላሉ። በቆሎ መግባቱ ነውር የለውም፣ ግን ለማወዳደር ከሆነ ንጹሑን ፈልግ። ከተቻለ ጠማቂዋን ራሷን ጠይቃት፤ ሙያዋን የምታከብር ሴት ምን እንዳገባችበት አትደብቅህም።

እትዬ_ከቆላ_ድባ፦
ልጆቼ እንደምን ናችሁ። ኮረፌ ሲነሳ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው።

ኮረፌ በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ፣ በተለይ በቅማንት አገር የቆየ መጠጥ ነው። ገብሱ ይፈተጋል፣ ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ከዚያ ይቆላና ይፈጫል። ከጌሾ ቅጠል ጋር በውሃ ይለወስና ጋን ውስጥ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ነው ከጠላ የሚለየው። ጠላ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይደርሳል፤ የኮረፌ ድፍድፍ ግን ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። እንግዳ ሲመጣ ከዚያ ላይ የሚበቃህን ያህል ትጨልፍና በውሃ ትበጠብጠዋለህ፣ አንድ ቀን ታሳድረዋለህ። በማግስቱ አረፋውን ኩፍ አድርጎ ይጠብቅሃል።

ስለዚህ አንተ ልጅ «ከሩቅ ሲመጣ እንዳይበላሽ» ያልከው መልሱ እዚሁ ላይ አለልህ። የተበጠበጠውን አታጓጉዝ፣ ድፍድፉን አጓጉዝ። ድፍድፍ ወፍራም ስለሆነ በመኪና መንገጫገጭ ምንም አይሆንም። ለጠላም እንደዚሁ ይሠራል። ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ነው፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ በግማሽ ቀን ይደርሳል። ባሕር ዳር ሲደርስ በጥብጣችሁ አሳድሩት። ያኔ የምትጠጡት እኛ አገር የሚጠጣውን ነው።

ሽምብጥ፦
እትዬ እግዜር ይስጥልን! ይሄን ማንም አልነገረን ነበር። እኛ ጀሪካን ተሸክመን አውቶብስ ልንሳፈር ነበር የተዘጋጀነው። አንድ ጥያቄ አለኝ፣ የምንበጠብጥበት ውሃ የቧንቧ ቢሆን ችግር አለው?

ዓባይ_ማዶ_ጠማቂ፦
የውሃውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ቤቴ ውስጥ በድስትና በባልዲ ቢራ እጠምቃለሁ፤ ብዙ ነገር ያስተማረኝ ውሃ ነው።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። ክሎሪን ከጢስ ጋር ሲገናኝ የመድኃኒት ቤት ሽታ ያመጣል፤ ፋሻና አዮዲን የሚመስል ነገር። የጠላ ጋን በወይራ የታጠነ ስለሆነ ከሌላው መጠጥ ይልቅ ለዚህ ይጋለጣል። ሰው «ጠላው ተበላሽቷል፣ ሴትዮዋ አታውቅበትም» ይላል፤ ጥፋቱ ግን የውሃው ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ውሃውን ቀድማችሁ አፍሉትና ክዳኑን ከፍታችሁ አቀዝቅዙት። ከዚያ በጥብጡ። ሙቅ ውሃ ግን እንዳትደፉበት፣ እርሾውን ይገድለዋል።

አሁን ወደ ቢራው ከመጣን፣ ቤት ውስጥ መጥመቅ ለሚፈልግ ሰው ባሕር ዳር መጥፎ ቦታ አይደለም። ብቅል አለ። ገብሱን በውሃ ዘፍዝፎ፣ በጉሎ ወይም በኮባ ቅጠል ሸፍኖ ማብቀል እናቶቻችን ያስተማሩን ነው፤ ገበያም ተዘጋጅቶ ይሸጣል። የተከካውን ብቅል ከ65 እስከ 67 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ታቆየዋለህ፤ በዚህ ጊዜ የእህሉ ስታርች (አሚዶ) ወደ ስኳር ይለወጣል። ከዚያ አጥልለህ ታፈላዋለህ። እዚህ ላይ ከፍታችንን አስታውሱ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ መቶ አይደርስም። ስለዚህ አብሮ የሚፈላው ሆፕ (የቢራ ማመረሪያ አበባ) ወይም ጌሾ ምሬቱን እንዲያወጣ ማፍላቱን ትንሽ አስረዝሙት። ትልቁ ፈተና ሙቀት ነው፣ በተለይ መጋቢትና ሚያዝያ። ባልዲውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ነፋስ በሚያገኘው ጥግ አስቀምጡት፤ ጨርቁ በደረቀ ቁጥር አርጥቡት። ፍሪጅ ባይኖርም ጥሩ አድርጎ ያበርዳል።

ሆፕ ባሕር ዳር ገበያ አላገኘሁም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ሲኖር አስመጣለሁ። ሲጠፋ ጌሾ እጠቀማለሁ፤ ስቀምሰው ደግሞ ለኛ አፍ ጌሾው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ምሬቱ ከሆፕ የተለየ ነው፣ እንጨት እንጨት ይላል፣ ግን ንጹሕ ነው።

ዘጌ_ወደብ፦
ጌሾ ከተነሳ ዘጌን መዝለል አይቻልም። ሰው ዘጌን በገዳማቱና በቡናው ብቻ ያውቃል። እኛ ዘንድ በቆየው ሥርዓት መሬት በበሬ አይታረስም፤ ኑሯችን ከደኑ ነው፣ ቡና፣ ጌሾ፣ ሎሚ። በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይሄዳል። የዘጌ ጌሾ በዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚያድገው።

ሽምብጥ፣ ወንድሜ፣ እናንተ ለማወዳደር ከሆነ የምትሰባሰቡት አንድ ሌላ ነገር ሞክሩ። አንዲት ጠማቂ ለምኑና ያንኑ ገብስ፣ ያንኑ ብቅል በሁለት እንስራ ትጥመቅላችሁ። አንዱን በቅጠሉ ብቻ፣ ሌላውን ቅጠሉንም እንጨቱንም አስገብታ። ጌሾ ለጠላ ምን እንደሚሠራለት ያኔ ይገባችኋል። መራራ ብቻ አይደለም፤ ጠላውን የሚጠብቀውም እሱ ነው። ጌሾ ያነሰው ጠላ ቶሎ ይሆመጥጣል።

ስትገዙ ደግሞ ሽታውን እዩ። ደርቆ ዓመት የከረመ ጌሾ የገለባ ሽታ ነው ያለው። ጥሩው እጅህ ላይ ፈትገህ ስታሸተው አፍንጫህን ይይዘዋል።

ፋሲሎ_27፦
ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል። እኔ ግን አንድ ነገር ላንሳ፤ ሰው ቢቆጣም ልናገር። ጢሱ በዝቷል። አብዛኛው የከተማ ጠላ ወይራ ወይራ ብቻ ነው የሚለው። ገብስ ይሁን ዳጉሳ ወይ በቆሎ መለየት አትችልም። ጋኑን እስኪጠቁር ያጥኑታል፤ ለምን ቢባል መጥፎ እህልና ያረጀ ድፍድፍ ለመሸፈን። የእህሉን ጣዕም ለመለየት ከሆነ የተሰበሰባችሁት፣ በትንሹ የታጠነ ወይም ጭራሽ ያልታጠነ ጋን ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ፊልተር ጠላ የሚባለውን አታምጡ። ተጣርቶ ተጣርቶ ቢራ ለመምሰል የሚሞክር ነገር ምን ያደርጋል? ጉሹ ላይ ነው ሕይወቱ ያለው።

የሜጫ_ዳጉሳ፦
ወንድሜ ፋሲሎ፣ በጢሱ ላይ ግማሽ እስማማለሁ። ግን ያልታጠነ ጋን ማለት አይሆንም። ጋን የሸክላ ነው፣ ውስጡ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ አለው። በግራዋ ታጥቦ በወይራ ካልታጠነ ያለፈው ጠላ ቅሪት እዚያው ተደብቆ ይቆይና አዲሱን ያሆመጥጠዋል። ጢሱ የሚያጸዳ ነው፣ ለሽታ ብቻ የሚደረግ አይደለም። የምታወራው ስለ መጠን ከሆነ እሺ። እናቴ ለሰርግ ስትጠምቅ አንዴ አጥና ትተወው ነበር፤ ለማህበር ግን ደጋግማ ታጥነዋለች። አባቶች ጢሱን ይወዱታል።

በፊልተሩ ግን ተሳስተሃል ባይ ነኝ። ፊልተር ጠላ ጠንካራ ነው፣ 5 ወይም 6 በመቶ አልኮል ይደርሳል፤ ተራው ጠላ ከ2 እስከ 4 ነው። ውሃ አሳንሰው በወፍራሙ ነው የሚጠምቁት። እሱን መጥመቅ ሙያ ይጠይቃል፤ ገበያው ስለፈለገው ብቻ የሚናቅ አይደለም።

ዓባይ_ማዶ_ጠማቂ፦
ጢስን በተመለከተ፣ ጀርመን አገር ባምበርግ የምትባል ከተማ የጢስ ቢራ አላት፤ በሱ ነው የምትታወቀው። እነሱ የሚያጥኑት ዕቃውን ሳይሆን ብቅሉን ነው፣ በእንጨት ጢስ ያደርቁታል። ከዚያ የሚወጣው ቢራ መጀመሪያ ለቀመሰው ሰው ይከብዳል፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሲጠጣ ግን ብቅሉ ከጢሱ ሥር ይወጣለታል። የኛም ጠላ እንደዚያ ነው። ፋሲሎ፣ በአንድ ጉንጭ አትፍረድ።

ሌላም አለ። ብራስልስ አካባቢ ላምቢክ የሚባል ቢራ እርሾ ሳይጨመርበት ከአየሩና ከእንጨት በርሜሉ በሚያገኘው እርሾ ብቻ ይፈላል። ሰዎቹ በዚህ በጣም ይኮራሉ፣ በውድ ይሸጡታል። ለጠላስ ማነው እርሾ የሚገዛ? ከጌሾው፣ ከብቅሉ፣ ከጋኑ በመጣው ነው የሚፈላው። እዚህ አገር ይሄን የሚሠሩት ሴቶች ግን ሙያቸው እንደ ሙያ አይቆጠርላቸውም፤ በጣሳ እየለኩ ሸጠው ልጅ ያሳድጋሉ። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። እባካችሁ ለዚያ ቅዳሜ ስትገዙ ዋጋ አትከራከሩ። ከየትኛዋ ጠማቂ እንደመጣም ጠርሙሱ ላይ ጻፉና ከወደዳችሁት ለሌላ ሰው ንገሩላት።

ቀበሌ_14፦
እኔ ሙስሊም ነኝ፣ አልጠጣም፤ ግን ጓደኞቼ ሲሰበሰቡ ከመካከላቸው አልጠፋም። ለማይጠጡት ምን ይቅረብ ላልከው፣ ቀሪቦ አቅርቡ። ገብሱ ጠቆር እስኪል ይቆላል፣ በውሃ ይፈላል፣ ይጠለልና በስኳር ይጣፍጣል። እርሾ ጨምሮ የሚያሳድር አለ፤ እኛ ቤት ግን ምንም ሳይገባበት በዚያው ቀን አቀዝቅዘን ነው የምንጠጣው። ለእናንተም ይጠቅማችኋል፣ የተቆላው ገብስ ብቻውን ምን ጣዕም እንዳለው በሱ ታውቃላችሁ። ብርዝም ጥሩ ነው፣ ግን ካደረ መፍላት ስለሚጀምር ትኩሱን አምጡ።

አደራ፣ የማይጠጣውን ሰው ጥግ ላይ በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡት። የሱም መጠጥ እንደናንተው ከነታሪኩ ይቅረብ።

ሽምብጥ፦
እህቴ፣ በጣም ትክክል ብለሻል። ከኛም መሃል ሁለት የማይጠጡ አሉ፣ ቀሪቦውን እንዴት እንደምናዘጋጅ በውስጥ መስመር ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።

የቅመሳውን ቅደም ተከተል ግን እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም።

ቤዛዊት_ሥር፦
እኔ ልሞክር። ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሂዱ። መጀመሪያ የደብረ ታቦሩ ቀላ ያለ የገብስ ጠላ (ጢሱ ካልበዛ)፣ ከዚያ ኮረፌው፣ ቀጥሎ ዳጉሳው፣ ፊልተር ጠላ ካለ መጨረሻ። ጢስ የበዛበት ከቀደመ ከኋላው የሚመጣው ሁሉ ውሃ ውሃ ይላል። በትንሽ በትንሹ ቅዱ፣ ሲኒ ይበቃል። ዋንጫ ሙሉ ከተቀዳ ሦስተኛው ላይ ማንም ጣዕም አይለይም።

በመካከሉ ቆሎ ብሉ፣ ውሃ ተጎንጩ። አዋዜና ሚጥሚጣ እስከ መጨረሻው አይምጡ፤ በርበሬ ምላስ ላይ ከወጣ በኋላ ጌሾ አይታወቅም። ቅመሳው ካለቀ በኋላ ግን ዓሳውን እዘዙ። ቆሮሶ ተጠብሶ ከዳጉሳ ጠላ ጋር፣ እኔ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ጣና ዳር አላውቅም። የቅባቱን ክብደት ጠላው ያጥበዋል።

እና ደግሞ ሲቀዳ የኛን ደንብ አትርሱ። የሚቀዳው ሰው ቀድሞ ይቅመስ።

ነርስ_ነኝ፦
አጭር ምክር ከኔም። ጠላን በመስታወት ጠርሙስ ሞልታችሁ አትክደኑ። መፍላቱን ስላላቆመ ጋዙ እየተጠራቀመ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል፤ በዚህ ምክንያት እጁ የተቆረጠ ሰው አክሜያለሁ። ሃይላንድ ይሻላል፣ ጎኑን ጫን አድርጋችሁ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ክዳኑን ትንሽ አላሉት። ዘይት የነበረበት ጀሪካን አትጠቀሙ፣ ሽታው አይለቅም። ነፍሰ ጡር ካለች «ጠላ ነው፣ ምን ያደርጋል» አትበሏት። ሲመሽም ሞተርና መኪናችሁን ትታችሁ በባጃጅ ግቡ።

ከቦሌ፦
እኔ አዲስ አበባ ነው ያለሁት። እዚህ ቦሌ ቢር ጋርደን ኢን እዚያው ቤቱ ውስጥ የተጠመቀ ቢራ ያቀርባል። ብሎንዲ የሚሉት ቀላ ያለ አለ፣ ኤቦኒ የሚሉት ጠቆር ያለ አለ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ መቅመስ ደስ ይላል፤ ብቅል መቆላቱ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ያሳያል። ግን ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ የባሕር ዳሩን ነው የምቀናው። የምመጣበት ቅዳሜ ቢነገረኝ ለጉዞው አልሰስትም።

ፋሲሎ_27፦
የሜጫው፣ በጋኑ ጉዳይ አሳምነኸኛል፣ ስለ ቀዳዳው አላሰብኩበትም ነበር። ፊልተሩ ላይ ግን አሁንም አቋሜን አልለወጥኩም። ሽምብጥ፣ ቦታ ካለ እኔም ልምጣና ጉሹንና ፊልተሩን ሰው ሁሉ ባለበት እናወዳድር። ጉሹን እኔ አመጣለሁ፣ ሰፈሬ ውስጥ በደንብ የምትጠምቅ እናት አሉ።

ሽምብጥ፦
ና እንጂ ወንድሜ! የሜጫው አንተም ፊልተሩን ይዘህ ና። ዓባይ ማዶ፣ በጌሾ የጠመቅከውን ቢራ ሳትይዝ እንዳትመጣ። ከቦሌ፣ ቀኑ ሲቆረጥ እጽፍልሃለሁ። እትዬ፣ የደምቢያው ጓደኛችን እናቱ ዘንድ የከረመ የኮረፌ ድፍድፍ እንዳለ አረጋግጧል፣ ሐሙስ ይላክልናል። ለአሥር ሰው ስንት ይበቃል? አርብ ማታ በጥብጠን ቅዳሜ ከሰዓት ብንጠጣው ይደርሳል?

እትዬ_ከቆላ_ድባ፦
ይደርሳል ልጄ። ባሕር ዳር ሞቃት ስለሆነ እንዲያውም ቶሎ ይነሳል። ለአሥር ሰው፣ ሌላም ጠላ ስላላችሁ፣ አራት አምስት ሊትር ድፍድፍ ይበቃችኋል። ውሃውን ያ ልጅ እንዳለው አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፣ በአንዴ አትገልብጡት፣ እያማሰላችሁ ጨምሩ። ዕቃው ግማሽ ይሁን፣ ሲነሳ ይገነፍላልና። አፉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት፣ ጥብቅ አድርጋችሁ አትክደኑት። ቅዳሜ ጠዋት ስታዩት አረፋው ወደ ላይ ካልወጣ ትንሽ ብቅል በትኑበትና ፀሐይ ዳር አድርጉት። የተበጠበጠው ግን ለእሑድ አይቆይም፣ ቅዳሜውኑ ጨርሱት። አተላውን ደግሞ አትድፉት፣ ላም ያለው ጎረቤት ካለ ስጡት።